በብስክሌት ወደ ሥራ ስለሚሄድ ሰው መንገድ

አዲስ አበባ በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተቈረቈረች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ሲያልፍ፥ ከተማይቱ ከግርጌው ወደ ደቡብ እየወረደች ትሄዳለች። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ለሚወርድ ባለብስክሌት ሠራተኛ፥ ማለዳ የሚያስፈልገው ከጕልበት ይልቅ ደኅና ፍሬን ነው፤ ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንዲህ ያለው ሰው መንገዱን አስቀድሞ በእሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ፥ አውቶሞቢል ሳይበዛ ሄዶ ቢመረምረው መልካም ነው። በክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ ፍሬን ቶሎ አይዝም፤ ጎርፉም ጕድጓዱን ይሸፍናል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ታላቅ ጥቅም የሚሰጡ ናቸው። ዳሩ ግን መስመሩ ባለቀበት ስፍራ ባለብስክሌቱ በድንገት ከታክሲና ከከባድ መኪና መካከል ይገባል። በዚህም መስመር ላይ «ለአንድ አፍታ ነው» ብሎ አውቶሞቢሉን የሚያቆም ሰው፥ ሹምም ቢሆን ነጋዴ፥ ባልንጀራውን ወደ አደጋ እንደሚገፋው ሊያስብ ይገባዋል። መንገድ እንዲያሠሩ የተሾሙትም አዲሱን መስመር ከቀድሞው ጫፍ ጋራ ያገናኙት፤ ጨለማውን ስፍራ መብራት ያግቡበት፤ በየመሥሪያ ቤቱም ደጅ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ያስተክሉ።