ጊዜ የጀመረበት ቀን አለን?

ኮስሞሎጂስቱ ጆርጅ ኤሊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 በጆሃንስበርግ ተወለዱ። አባታቸው በከተማዋ ይታተም የነበረው የ«ራንድ ዴይሊ ሜይል» ጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ዕድሜያቸውን የሰጡት ከዜናዎች ሁሉ አሮጌ ለሆነው ጉዳይ ነው። ዓለም የጀመረበት ቅጽበት አለ ወይስ የለም? በዚህ ጥያቄ ላይ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ተራርቀው ያወጧቸው ሁለት ሥራዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ያመለክታሉ። «ሳይንስም የጊዜን መጀመሪያ አረጋግጧል» የሚለው፣ ከዐውደ ምሕረት እስከ ማኅበራዊ መገናኛ የሚደመጠው አባባል ምን ያህል የተቻኮለ እንደሆነ ለመረዳት ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው በ1968 ከስቲቨን ሆኪንግ ጋር ያሳተሙት ጥናት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ከሰማይ በየአቅጣጫው የሚመጣ ደካማ ጨረር ማግኘታቸውን አስታውቀው ነበር፤ የጥንቱ ዓለም ሙቀት ርዝራዥ ነው። ኤሊስና ሆኪንግ ከዚህ ጨረር ተነሥተው፣ የአንስታይን የስበት ሕግ እስከ መጨረሻው የሚሠራ ከሆነና ስበትም ምንጊዜም የሚስብ እንጂ የማይገፋ ከሆነ፣ ያለፈው ጊዜ ወሰን ሊኖረው ግድ እንደሆነ አሳዩ። የቁስንና የብርሃንን ጉዞ ወደ ኋላ ሲከተሉት ቢያንስ አንዱ መንገድ በተወሰነ ርዝመት ላይ ይቋረጣል። ማስረጃው በ1973 በጋራ በጻፉት መጽሐፍ ተስፋፍቶ ቀረበ፤ መጽሐፉ ዛሬም የመስኩ ዋቢ ነው።

«ከሆነ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ መግባቱን ልብ ይሏል። ጽንፈ ዓለሙ መስፋት ከጀመረ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ጥቂት ጊዜ፣ ማለትም አንድ ሴኮንድ አንድና 43 ዜሮ ባለው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ቁራጭ፣ ከአንስታይን ሕግ ሥልጣን ውጭ ነው። እዚያ የስበትን የኳንተም ጠባይ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ ያስፈልጋል፤ የተረጋገጠ ንድፈ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ የለም። ስለዚህ መንገዱ የተቋረጠው በካርታው ላይ ነው። አገሩም እዚያው ማብቃቱን ካርታው አይናገርም።

ሁለተኛው ሥራ በ2004 ከሮይ ማርተንስ ጋር የወጣው ነው። በዚህኛው ሞዴል ጽንፈ ዓለሙ መጠኑ የተወሰነ፣ የማይሰፋና የማይጠብ ሆኖ ወሰን በሌለው ያለፈ ዘመን ይኖራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ መስፋት ይሻገራል። መጀመሪያ የሚባል ቅጽበት የለውም። ኤሊስ ክዌከር ናቸው፤ በዚያው በ2004 ለሃይማኖትና ለሳይንስ ግንኙነት ላደረጉት አስተዋጽኦ የቴምፕልተን ሽልማትን ተቀብለዋል። መጀመሪያ ለሌለው ዓለም ስሌት መሥራት ከፈጣሪ ጋር የሚያጣላቸው መስሎ አልታያቸውም።

ሞዴሉ ተቃውሞ አልገጠመውም ማለት አይደለም። ኦድሪ ሚታኒና አሌክሳንደር ቪለንኪን በ2012 እንዲህ ያለው ጸጥተኛ ዓለም በኳንተም ሕግ ምክንያት ለዘላለም ጸንቶ መቆየት አይችልም ሲሉ ተከራክረዋል። ክርክራቸው ብርቱ ነው። ሆኖም እርሱም ቢሆን ገና ባልተሟላ የኳንተም ስበት ስሌት ላይ የቆመ ነው።

የፍልስፍናው ሙግት ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ያለፈው ዘመን ወሰን ባይኖረው ኖሮ ዛሬ ላይ ባልተደረሰ ነበር፤ ማለቂያ የሌለው ጉዞ አያልቅምና። ካንት በ1781 ይህን ከተቃራኒው ጋር አቆራኝቶ አቀረበው፦ ጊዜ ቢጀምር ኖሮ ከእርሱ በፊት ባዶ ጊዜ በነበረ፤ በባዶ ጊዜ ውስጥ ደግሞ አንድም ነገር በዚህ ቅጽበት ለመጀመር ምክንያት የለውም። ሁለቱም ሙግቶች ቀዳዳ አላቸው። የመጀመሪያው ሳያስበው ጉዞው «የተነሣበትን» ስፍራ ይፈልጋል፤ መነሻ በሌለው ዘመን ግን የትኛውም ያለፈ ቀን ከዛሬ የሚርቀው በሚቆጠር ዕድሜ ነው። ሁለተኛው «በፊት» የሚለውን ቃል ወሰን ካለው ጊዜ ውጭ አውጥቶ ይጠቀምበታል። ያም ሆኖ ወሰን የለሽ ብዛት በገሃዱ ዓለም መኖሩ ኤሊስን ራሳቸውን አይዋጥላቸውም፤ በ2018 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ጽፈዋል። መጀመሪያ የሌለውን ዓለም የቀመረው ሰው ወሰን የለሽነትን የሚጠራጠር መሆኑ ጥያቄው ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ያሳያል።

መቻኮሉ አዲስ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ በ1951 የዓለምን መስፋት ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲናገሩ፣ የንድፈ ሐሳቡ አባት ቄስ ጆርጅ ለሜትር አልተመቻቸውም። እርሳቸው ንድፈ ሐሳባቸውን ከእምነት ክርክር ውጭ ማቆየት ይፈልጉ ነበር።

ተመሳሳይ ፈተና በጆሃንስበርግ የጄፔ የንግድ ሠፈር ኑሮውን ባደረገው ኢትዮጵያዊ ፊትም አለ። መስከረም 1 ቀን ዘመን ሲበሠር፣ ባሕረ ሐሳብ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ይነግረዋል፤ 2018 ዓ.ም. ሲብት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ስለሚተርፍ ዘመኑ የማርቆስ ይባላል። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ከሰማይ የወደቀ ዐለት የተወው የፍሬድፎርት ጠባሳ አለ፤ ዕድሜው ሁለት ቢሊዮን ዓመት ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ማጋጨት ቀላል ነው፤ በግድ ማስታረቅም እንዲሁ። ነገር ግን 5500 በትውፊቱ ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ጋር የተሳሰረ ቁጥር ነው፤ ሥራውም አጽዋማትንና በዓላትን ማውጣት ነው። ዐለት የሚመዘንበት ሚዛን ሆኖ አልተሠራም።

የሥነ ፍጥረት ትምህርት ራሱ ከዚህ ይጠነቀቃል። ከሃያ ሁለቱ ፍጥረታት ስምንቱ በእሑድ ተፈጠሩ፤ ፀሐይና ጨረቃ ግን እስከ ረቡዕ አልነበሩም። እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ፀሐይ ሳትወጣባቸው የተቆጠሩ ዕለታት ናቸው። እነዚህን ዕለታት በሃያ አራት ሰዓት ሰፍሮ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ጋር ሊያስተካክል የሚነሣ ሰው፣ መስፈሪያውን ከወዴት እንዳገኘው አስቀድሞ መናገር አለበት።