የፈረስ ደም ለሰው መድኃኒት ሲሆን

ክረምት ሲገባ ለአረም፥ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ፥ ከደጋው ወደ መተማና ወደ አብደራፊ ቆላ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። በእርሻው ውስጥ ወባ ብቻ ሳይሆን እባብም ይጠብቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእባብን ንድፊያ ችላ ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች መዝገብ ያገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የመርዙን መድኃኒት ጠባይ በጥቂቱ ልንገልጽ ወደድን።

ይህ መድኃኒት በብዛት የሚገኘው ከፈረስ ነው። ፈረሱ መርዙን በጥቂት በጥቂቱ እየተወጋ ሲለምደው፥ ደሙ መርዙን የሚያመክን ዘብ ያበጃል። ከዚያም ደሙ ተቀድቶና ዘቡ ተጣርቶ በብልቃጥ ይቀመጣል፤ ለተነደፈውም ሰው በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

ነገር ግን የሰው ገላ የራሱን ከባዕድ የሚለይ ነውና፥ ሊያድነው የገባውን የፈረስ ዘብ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። አንዳንዱን ሰው ወዲያውኑ ወይም በሰዓታት ውስጥ ያሳክከዋል፥ ትንፋሽም ያሳጥረዋል። መድኃኒቱ አድሬናሊን በተዘጋጀበት ጤና ጣቢያ እንጂ በቤት የማይሰጠው ስለዚህ ነው። ሌላውን ደግሞ ከ5 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ትኩሳት፥ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ያገኘዋል። ይህንንም ፎን ፒርኬና ሺክ የተባሉ ሐኪሞች በ1905 በመጽሐፍ ገልጸውታል።

የእንስሳን ብልት ለሰው መትከልን ያስቸገረውም ይኸው ጠባይ ነው። የእርያ ልብ እንዳለ ቢተከል፥ የሰው ደም በላዩ ያለውን ባዕድ ስኳር አውቆ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ያጠፋዋል። በ2022 በአሜሪካ፥ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፥ ለአንድ ሕመምተኛ የተተከለው ልብ 10 ዘረ መሎቹ አስቀድመው ተለውጠው ነበር፤ ሕመምተኛውም ሁለት ወር ያህል ኖረ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ስትሸኙ እንዲህ ብላችሁ ምከሩት፦ ቢነደፍ ቁስሉን አይብጣ፥ አይምጠጥ፥ አጥብቆም አይሰር፤ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ሰዎች ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ድኖ ቤቱ ከገባም በኋላ ቢያተኩሰው፥ «መድኃኒቱ መርዝ ነበረ» ወይም «ዓይን ነው» ብላችሁ አታስቀሩት፤ መርፌውን መውሰዱን ለሐኪም ነግራችሁ አሳክሙት፥ በሕክምና የሚለቅ ነውና። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፥ ይህን ሕመም ፈርቶ መርፌውን እንቢ የሚል አይጠፋም። ሽፍታው ግን ያልፋል፤ መርዙ ጊዜ አይሰጥም።