መዥገሩ ውሻው ላይ ብቻ አይደለም

ዛሬ ብዙ ባለትዳሮችን የሚያነታርክ፣ ነገር ግን በትዳር ትምህርቶቻችን ላይ ከቶ የማይነሣ አንድ የቤት ጉዳይ አንሥተን እንነጋገራለን። ጉዳዩ መዥገር ነው።

በብዙ ቤት ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ሕፃኑ ከውሻው ጋር ሲጫወት ይውልና ማታ ገላውን ሲታጠብ ከጆሮው ኋላ መዥገር ተጣብቆ ይገኛል። ሚስት፣ «ይህ ውሻ ዛሬውኑ ከግቢ ይውጣልኝ» ትላለች። ባል ደግሞ፣ «ሌባ ሲመጣ ማን ሊጮኽልን ነው?» ይላል። በማግስቱ ውሻው ይታጠባል፣ መዥገሩ ይለቀማል፣ ሰላም ይወርዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን መዥገሩ ይመለሳል፤ ጭቅጭቁም አብሮት። ለምን ይመስላችኋል?

ምክንያቱ ውሻው ላይ የምናየው መዥገር ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ መሆኑ ነው። በውሾች ላይ በብዛት የሚገኘው ቡናማ መዥገር በሕይወት ዘመኑ የሚመገበው ሦስት ጊዜ ነው፦ እንደ ተፈለፈለ፣ ጥቂት ካደገ በኋላ፣ በመጨረሻም ትልቅ ሲሆን። ጠግቦ ባበቃ ቁጥር ከውሻው ላይ ወርዶ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በበር መቃን ሥር፣ ከምንጣፍ በታች ወይም በውሻው ቤት ጣውላዎች መካከል ይደበቃል። ሴቷ በዚያው እስከ 4,000 የሚደርስ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። ያልተመገበ ትልቅ መዥገር ደግሞ ያለ ምግብ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ውሻውን ማባረር ብቻውን ቤቱን አያጸዳውም፤ እንዲያውም የተራቡት መዥገሮች ወደ ሰው ሊዞሩ ይችላሉ። ውሻውን ብቻ ማጠብም እንደዚሁ ነው። ሥራው በአንድ ቀን፣ በሁሉም በኩል መጀመር ይኖርበታል።

አንደኛ፣ ውሻው። ጆሮውን ውስጡን ጭምር፣ አንገቱን፣ ብብቱንና የእግሩን ጣቶች መካከል ፈትሹ። ከዚያም ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የሚዋጥም ይሁን የሚንጠባጠብ ወይም በአንገት የሚታሰር መድኃኒት የሚታዘዘው በክብደቱ መጠን ነው፤ የሚደገምበትን ቀንም ጠይቁ። ለከብት ወይም ለሰብል የሚረጭ ኬሚካል በግምት በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስ ግን ውሻውንም፣ እርሱን የሚያቅፉትን ልጆችም ሊመርዝ ይችላል። ድመት ካለቻችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። ውሻው ምግብ እምቢ ካለ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ከአፍንጫው ደም ከፈሰሰ መዥገር ያመጣው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ አሳክሙት።

ሁለተኛ፣ ቤቱና ግቢው። ውሻው የሚተኛበትን ጆንያ አቃጥሉት፤ ጨርቅ ከሆነ በፈላ ውኃ ዘፍዝፉት። ጥጋጥጉን ጠርጋችሁ ጥራጊውን አቃጥሉ። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ፣ በሲሚንቶ ወይም በጂሶ ድፈኑ፤ በአጥር ሥር ያለውንም ሣር አጭዱ። ዛሬ ያላገኛችሁት ዕንቁላል ከሳምንታት በኋላ ስለሚፈለፈል፣ ጠረጋውንና ፍተሻውን ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ወር በየሳምንቱ ደጋግሙት። ለበዓል የሚገዛ በግም የራሱን መዥገር ይዞ ሊመጣ ይችላልና ከመኝታ ቤትና ከልጆች መጫወቻ አርቃችሁ እሰሩት።

ሦስተኛ፣ ሰው። በሰውነት ላይ የተጣበቀ መዥገር ስታገኙ ክብሪት መለኮስ፣ ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ወይም ቫዝሊን መቀባት በየቤቱ የተለመደ ነው። ይህ መዥገሩ ቶሎ እንዲለቅ አያደርገውም፤ በውስጡ ያለውን ወደ ቁስሉ እንዲተፋ ሊያደርገው ግን ይችላል። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ወስዳችሁ፣ ከቆዳው እጅግ አስጠግታችሁ ያዙትና ሳታጣምሙ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በጥፍራችሁ አትጨፍልቁት። ከዚያም ቦታውንና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ አልኮል ቀቡት፤ የተነቀለበትንም ቀን ጻፉ።

ቀኑን መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? በኢትዮጵያም የሚገኙ የከብት መዥገሮች የሚያስተላልፉት የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት የሚባል ሕመም አለ። ከንክሻው በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ይመጣል፤ በተነከሰው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ይታያል፤ ንፍፊትም ያብጣል። በአገራችን ትኩሳት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ወባ ወይም ታይፎይድ ነው። ገጠር ዘመድ ጠይቃችሁ ወይም ከከብት ጋር ውላችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ካተኮሳችሁ፣ ለሐኪሙ «መዥገር ነክሶኝ ነበር» ብላችሁ ንገሩት። ሕመሙ ከታወቀ ተገቢው መድኃኒት አለው፤ ካልነገራችሁት ግን ሐኪሙ ከየት ያውቀዋል?

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን ሥራ ተከፋፈሉት። አንዳችሁ ውሻውን ሐኪም ዘንድ ስትወስዱ ሌላችሁ ቤቱን አጽዱ፤ ማታ ማታ የልጆቹን ጆሮ ኋላ፣ ብብትና የፀጉር ሥር ተራ በተራ እዩ። አንድ ክፍል ግን እንዳትረሱ አደራ እላለሁ፤ እርሱም ሠራተኛችሁ የምትተኛበት ነው። በብዙ ግቢ ለውሻው ቤት የሚቀርበው የእርሷ ክፍል ነው፤ ውሻውን የምታበላው፣ ግቢውንም የምትጠርገው እርሷ ናት። ብትነከስም «ምን ይሉኛል» ብላ ዝም ልትል ትችላለች። ፍራሿን አብራችሁ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ግድግዳዋን አብራችሁ ድፈኑ፤ ትኩሳት ሲይዛትም እንደ ልጃችሁ አሳክሟት። የእርሷ ክፍል ሳይጸዳ ቤታችሁ ጸድቷል ማለት አይቻልም።