የሐኪም ሥራና የገበያ ሽሚያ

ከመጠን ያለፈ ውፍረት የስኳር በሽታን፥ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን የሚያስከትል ደዌ መሆኑን የሕክምና ሊቃውንት ካረጋገጡት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ምግብን በመቀነስና ሰውነትን በማድከም ያልተወገደውን ውፍረት ጨጓራን በቀዶ ሕክምና በማሳነስ ማቃለል ስለ ተቻለ፥ ይህ ጥበብ የብዙ ሰዎችን ዕድሜ አራዝሟልና ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ትርፍ የሚገኝበት መሆኑ ከታወቀ ወዲህ፥ በልዩ ልዩ አገር ያሉ የሕክምና ቤቶች ሕመምተኛን ለመሳብ የሚያደርጉት ሽሚያ ከሐኪም ወግ ወጥቶ ወደ ገበያ ጩኸት መድረሱ የሚያሳዝን ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የታየው ነው። በዚያ ጨጓራን በቀበቶ የማሰር ሕክምና በየአውራ ጎዳናው በተተከለ ትልቅ ሰሌዳ ላይ እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ይታወጅ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. የአገሩ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ለስምንት የሕክምና ማዕከሎችና ለአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። ጥፋታቸውም የሕክምናውን ጥቅም አጉልተው ሲናገሩ ጉዳቱን እንደሚገባ አለመግለጣቸው ነበር፤ በአንዳንዱ ወረቀት ላይ ጉዳቱ ቢጻፍም ፊደሉ ለማንበብ እስኪያስቸግር ድረስ የደቀቀ ነበር።

ሽሚያው በአንድ አገር ወሰን ብቻ የቀረ አይደለም። በሜክሲኮ በቲኋና ከተማ ያሉ የሕክምና ቤቶች በዋጋቸው ርካሽነት አሜሪካውያንን ይጠራሉ፤ በቱርክም በኢስታንቡል የቀዶ ሕክምናው፥ የሆቴሉና የመኪናው ዋጋ በአንድነት ተደምሮ ለአውሮፓ ሰዎች ይቀርባል። በ2019 ዓ.ም. በጥር ወር የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት፥ በቲኋና ይህን ሕክምና ካደረጉት ሰዎች መካከል ብዙ ዓይነት መድኃኒት የማይበግረው ተሕዋስያን እንደ ተገኘባቸው አስታወቀ። ከእነርሱም ጥቂቶች ያይደሉት የሄዱት በደላላ አማካይነት ነበር። ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ሲሰናበት፥ ቀዶ ያከመው ሐኪም በሩቅ አገር ሲቀር፥ ቁስሉን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕመምተኛው ብቻውን ነው።

ጨጓራን ቆርጦ የማሳነሱ ሥራ ከጨጓራው አራት እጅ ሦስቱን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ያስወግዳል፤ የተቆረጠውም ተመልሶ አይቀጠልም። ታካሚው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ቪታሚን መውሰድና በየጊዜው መመርመር ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ነገር በዋጋ ቅናሽና በቀጠሮ ፍጥነት መሸጥ ሰውን ሳያስብ እንዲወስን ማጣደፍ ነው። ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ ክብደትን የሚቀንሱ አዳዲስ የመርፌ መድኃኒቶች ስለ ተስፋፉ፥ የቀዶ ሕክምናው ፈላጊ ሲቀንስ ጩኸቱ እንዳይበረታ ያሰጋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የመድኃኒቱን ጉዳት የሚደብቅ ሐኪምስ በሽተኛውን በምን ያድነዋል? መወዳደር ራሱ ክፉ አይደለም፤ ውድድሩ ግን ስንት ሰው እንደ ዳነ፥ ስንት ሰው እንደ ተጎዳ በግልጥ በመናገርና የታከመውን እስከ መጨረሻው በመከታተል ሊሆን ይገባል።

ከአገራችንም ለሕክምና ወደ ሕንድ፥ ወደ ታይላንድና ወደ ቱርክ የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ፥ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሹማምንት የሕክምና ማስታወቂያ ጉዳቱን ከጥቅሙ በእኩል ፊደል እንዲጽፍ፥ ደላላም የሚቀበለውን ዋጋ እንዲገልጥ ቢያስገድዱ ሕዝቡን ከጥፋት ይጠብቃሉ። ካህናትም በሰውነቱ አፍሮ ምክር የሚጠይቃቸውን ምእመን አስቀድሞ ከታመነ ሐኪም ጋር እንዲማከር ቢያስረዱት መልካም ነው። ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ ያክሙ እንደ ነበር ስንክሳር ያነበበ ያውቃል። የዛሬው ሐኪም ለድካሙ ዋጋ ቢቀበል ነውር የለበትም፤ እውነቱን ግን ያለ ዋጋ ሊሰጥ ይገባዋል።