ሕጉ የሰጠውን አስማሚ በጀቱ አይንሳው!

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። በሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚነሣውን ጠብ ገና በጭሱ እያለ እንዲያጠፋ በሕግ የተቀመጠ ሰው አለ። አስማሚ ይባላል። የሚመድበው መንግሥት ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለውም መንግሥት ነው። ታዲያ የኅብረት ስምምነቱ ጊዜው አልፎበት፣ የደመወዝ ጥያቄው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ከሚንገላታው ሠራተኛ ስንቱ ነው ይህን ሰው በዓይኑ ያየው?

ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ሁሉ አማን ነው። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ ከሁለቱ አንዱ ወገን የወል ክርክሩን ለሚኒስቴሩ ወይም ለክልሉ ቢሮ ሲያሳውቅ አስማሚ ይመደባል። አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ማስማማት ካልቻለ ምክንያቱን ዘርዝሮ ሪፖርት ያቀርብና ጉዳዩ ወደ ወሳኝ ቦርድ ያመራል። ቦርዱም በበኩሉ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ለዚህ ሁሉ የአገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም። አዲስ ነገርም አይደለም። የ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42ም፣ የ1996ቱ ቁጥር 377ም አስማሚና ቦርድ ነበራቸው። አዋጅ በአዋጅ ላይ ሲደረብ እንግዲህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። አዋጅስ አልቸገረንም!

የቸገረን ሰውና ገንዘብ ነው። እስቲ ቦርዱን እንመልከት። ሰብሳቢ አለው፤ ስለ ሥራ ጉዳይ የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉት፤ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከአሠሪዎች የተወከሉ አባላት አሉት። እነዚህ ሰዎች በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ እንጀራ የተንጠለጠለበትን ጉዳይ የሚወስኑት ግን በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ደመወዝ ነው። ሕጉ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። ሚኒስቴሩ ለስብሰባ የሚከፈል አበል «ሊወስን ይችላል» ተብሏል። ሊወስን ይችላል! ላይወስንም ይችላል ማለት ነው። ከእንጀራ ሥራው በተረፈችው ሰዓት የሰው እንጀራ እንዲዳኝ የታዘዘ ቦርድ 30 ቀኑን ቢያከብር ተአምር ነው፤ ባያከብር ደግሞ ማን ይጠይቀዋል?

ለአየር መንገድ፣ ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለስልክ ሠራተኛ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። «እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት» ስለሚሰጡ ሥራ ማቆም በሕግ ተከልክለዋል። የቀረላቸው በር ይኸው የአስማሚውና የቦርዱ በር ብቻ ነው። አንዱን በር የዘጋ መንግሥት ሌላውን በር ከፍቶ፣ ሰው አስቀምጦ፣ መብራት አብርቶ መጠበቅ አልነበረበትም?

አስማሚነት ደግሞ ሁለቱን ወገን «በሉ ታረቁ» ብሎ የሚለቁት ሥራ አይደለም። ድርጅቱ «ከሰርኩ» ሲል የሒሳብ መዝገቡን ገልጦ ማንበብ የሚችል፣ ማኅበሩ የማይሆን ነገር ሲጠይቅ «ይህ አያዋጣም» ብሎ የሚደፍር ሰው ይፈልጋል። ሕግ ማወቅ አለበት፤ ፋብሪካው ድረስ የሚሄድበት መኪናና አበል ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ሁለቱም ወገን እንዲያምኑት ያስፈልጋል፤ እምነት ደግሞ በዓመታት ልምድ የሚገነባ ነው። በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚኖርን ሰው ሥራውን ከተማረ በኋላ የሚያቆየው ክፍያ ከሌለ፣ ባንክና የግል ድርጅት ይወስደዋል። ወንበሩ ላይ አዲስ ምሩቅ ይቀመጥና ሁሉም ከሀሁ ይጀመራል።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ የማስማማት ሥራ ነፃና ፈጣን ይሁን ብሏል። ነፃነቱን ወስደን ፍጥነቱን ትተነዋል። ነፃ ነው ማለት እኮ ወጪ የለውም ማለት አይደለም! መንግሥት በብር ያልከፈለውን ሠራተኛው በቀን ይከፍለዋል። በግል ክርክር እንኳ ያለውን ተመልከቱ። ያለአግባብ ተባርሮ በፍርድ ቤት ወደ ሥራው ለሚመለስ ሰው የሚከፈለው ውዝፍ ደመወዝ ከ6 ወር፣ በይግባኝ ከሆነም ከ1 ዓመት እንዳይበልጥ ሕጉ ገድቦታል። ክርክሩ ከዚያ በላይ ከተጓተተ ኪሳራው የማን ነው? የአሠሪው ጠበቃ ግን ለሚውልበት ቀን ሁሉ ይከፈለዋል።

«ድሃ አገር ነን» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በ2008 ለተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ተገኝቷል። ሼዱ ይሠራ፣ ኢንቬስተሩም ይምጣ፤ አንቃወምም። ነገር ግን ያን ያህል ሠራተኛ አንድ ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ጠብ ሲነሣ የሚሸመግለውን ሰው በጀት መንፈግ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ፋብሪካ አንድ ሳምንት ቢቆም የሚጠፋው የስንት አስማሚ የዓመት ደመወዝ ነው?

ሀብታም አገርም ቢሆን ከዚህ በሽታ አያመልጥም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የፌዴራል የማስማማት አገልግሎት አላት። በመጋቢት 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ ሁለት መቶ ከሚሆኑት ሠራተኞቹ ጥቂቶች ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ተራቆተ። ልዩነቱ፣ እዚያ ክፍለ ግዛቶች መንግሥትን ከሰው የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደው፤ ሠራተኞቹም ተጠሩ። በእኛ አገር በጀት ነስቶ መሥሪያ ቤት ማድረቅ ማንንም ችሎት ፊት አያስቆምም።

አስማሚ ጨርሶ በሌለበት የሚሆነውንም አይተነዋል። በግንቦት 2017 የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች ደመወዝ አልበቃን ብለው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታሰሩ። የመንግሥት ሠራተኛ በመሆናቸው አዋጅ 1156 አይመለከታቸውም፤ መንግሥት አሠሪም ከሳሽም ሆኖ ሲቀርብ መሐል የሚቆም ሽማግሌ አልነበረም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጻፈው መብት በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቀረ። በሽተኛውም ሐኪም አጣ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ለማስማማት ሥራ ራሱን የቻለ የበጀት ርእስ ይውጣለት። አስማሚው ሥራውን ሳይለቅ የሚኖርበት ደመወዝ ይቆረጥለት። «ሊወስን ይችላል» የሚለው ቀርቶ ለቦርድ አባላት አበል «ይከፈላል» ይባል፤ ሰብሳቢውም የሙሉ ጊዜ ይሁን። ሚኒስቴሩና ቢሮዎቹ ስንት አስማሚ እንዳላቸው፣ ስንት ጉዳይ ገብቶ ስንቱ በ30 ቀን እንዳለቀ በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጡ። ለመንግሥት ሠራተኛውም ከአለቃው ያልተጠጋ አስማሚ ይሰጠው።

በጀት የሚያጸድቁት የምክር ቤት አባላት ይህን ማድረግ ካልፈለጉ ደግሞ ከአዋጁ ላይ 30 ቀን የምትለዋን ይሰርዟት። ሠራተኛው ቢያንስ የማይመጣ ሰው ደጅ ቁጭ ብሎ ቀን አይቆጥርም!