ፋብሪካው ሲወድቅ ክለቡ ለምን አብሮ ይወድቃል? የድሬዳዋ ኮተን ታሪክ ከቱላ ሲታይ

በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ የመጨረሻ ምዕራፍ በአክራ ሲካሄድ፣ ለግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ሕዝቡ እንደሚጠራው «ኮተን»፣ ነበር። በማሊው ስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ተመለሰ። ኮተን በ1952፣ በ1954፣ በ1955፣ በ1957 እና በ1975 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎም የዚህን ክለብ ማሊያ ለብሷል። ዛሬ ኮተን የለም።

ስለ ውድቀቱ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ «ፋብሪካው ተዳከመ፤ ክለቡም ተከተለው» የሚል ነው። ይህ አባባል ሐሰት ባይሆንም ጥያቄውን ይዘጋል እንጂ አይመልስም። ፋብሪካ ሲዳከም ክለብ ለምን ይሞታል? የድሬዳዋ ሕዝብ ኳስ መውደዱን አልተወም፤ ተጫዋች ማፍራቱንም አላቆመም።

የዋንጫዎቹን ዓመታት ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። አራቱ የተገኙት በዘውዱ ዘመን፣ ፋብሪካው በግል ኩባንያ እጅ ሳለ ነው። አምስተኛው ግን ደርግ በ1967 ታላላቅ ፋብሪካዎችን ከወረሰ ከስምንት ዓመት በኋላ የተገኘ ነው። እንግዲያስ ክለቡን የገደለው ውርሱ አይደለም። ሁለቱ ሥርዓቶች በርእዮተ ዓለም ቢቃረኑም ለአገር ውስጥ ጨርቅ ከውጭ ውድድር የተከለለ ገበያ በማቆየት ይመሳሰሉ ነበር። ከ1983 በኋላ ያ ከለላ ሲላላ፣ የውጭ ጨርቅና ሰልባጅ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ የዚህ ንግድ አንዷ ዋና በር ደግሞ (ታሪክ አንዳንዴ ፌዘኛ ነው) ድሬዳዋ ራሷ ነበረች። ደመወዝ ለመክፈል የተቸገረ ሥራ አስኪያጅ የኳሱን በጀት ቢያጥፍ አልወቅሰውም። የምወቅሰው፣ ከተማ ሙሉ ሕዝብ የእኔ የሚለውን ክለብ በአንድ የወጪ መደብ ላይ ብቻ ያንጠለጠለውን አደረጃጀት ነው።

የፋብሪካ ክለብ በሌላው ዓለምም አዲስ አይደለም። የፈረንሳዩ ሶሾ እ.ኤ.አ. በ1928 በፔዦ የመኪና ፋብሪካ ተመሠረተ፤ ፔዦ እ.ኤ.አ. በ2015 ክለቡን ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2023 በገንዘብ ቀውስ ከመፍረስ አፋፍ ደርሶ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ቢወርድም፣ የአካባቢው ባለሀብቶችና ገንዘብ ያዋጡ ደጋፊዎች ተባብረው አተረፉት። ሶሾን ያዳነው የፈረንሳይ ሀብት ብቻ ነው የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ሀብቱ አስተዋጽኦ አለው። ነገር ግን ደጋፊ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ የሚቀበለው፣ ከፋብሪካው ተለይቶ በሕግ የቆመ አካል ባይኖር ኖሮ መዋጮው በማን ስም ይገባ ነበር?

በእኛ አገር የክለብ ሞትም ትንሣኤም አሁንም በቀጣሪው ቦርድ እጅ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድኑን አፈረሰ፤ ከዓመታት በኋላ መልሶ አቋቋመውና በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ትንሣኤው የሚያስደስት ቢሆንም ውሳኔው በሁለቱም ጊዜ የባንኩ ነበር።

ጉዳዩ ሐዋሳንም ይነካል። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። በዚሁ ከተማ ይጫወት የነበረው ደቡብ ፖሊስ ደግሞ በ2011 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ በ2005 ሻምፒዮን የነበረው ደደቢትም በዚያው ዓመት አብሮት ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2015 ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተከፋፍሎ ከሰመ። ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ክልልም ሊከስም የሚችል ባለቤት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ኳስ የሚጫወት ታዳጊ ወደ ከፍተኛ ሊግ የሚያደርሰው ቅርብ መንገድ የሚያልፈው በእነዚህ ክለቦች በኩል ነው። መንገዱ በአንድ የበጀት ስብሰባ ሊዘጋ መቻሉን ግን የሚነግረው የለም።

ስለዚህ በስፖርት ሳይንስ፣ በሕግና በታሪክ የድኅረ ምረቃ ጥናት ላይ ያላችሁ ባልደረቦች ከልምምድ ስልትና ከተመልካች ባሕርይ ጎን ለጎን ይህንንም ርእስ እንድታነሡት እጠይቃለሁ። በአንድ ክለብ መጀመር ይበቃል። መተዳደሪያ ደንቡ ይፈለግ፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይነበብ፤ ክለቡ ቢፈርስ ስሙ፣ ዋንጫውና የተጫዋቾቹ ውል ለማን እንደሚተላለፍ የሚናገር አንቀጽ መኖር አለመኖሩ ይጣራ። ኮተንን የተመለከቱ ሰነዶች ካሉ ደግሞ ከፋብሪካው የሒሳብ መዛግብት መካከል መፈለግ አለባቸው፤ ወረቀትም እንደ ጨርቅ በብል ይበላልና ፍለጋው ቶሎ ቢጀመር ይሻላል።