እጅ ለመሣሪያ ወይስ መሣሪያ ለእጅ?

በተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ገንዘብ ተዋጥቶ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይገዛ በተባለ ቁጥር ውይይቱ ሳይጀመር ያልቃል፤ «ኪቦርድ ይገዛ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ማሲንቆ የሚጫወተውም፣ ዋሽንት የሚነፋውም፣ ክራር የሚመታውም በየተራ ከኪቦርዱ ፊት ቀርቦ እንደ ጀማሪ ሀሁ ይቆጥራል። ለዓመታት የለፋበት ጣትና ትንፋሽ ከቁጥር አይገባለትም። እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። መሣሪያ መመረጥ ያለበት ከተጫዋቹ እጅ ተነሥቶ ነው እንጂ ከሱቁ መስኮት አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኮንትሮለር የሚባለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በራሱ ድምፅ አያወጣም፤ ሥራው የተጫዋቹን እንቅስቃሴ ለክቶ ድምፅ ለሚሠራው መሣሪያ ወይም ለኮምፒዩተር ማስተላለፍ ነው። የሚያስተላልፍበትም ቋንቋ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚዲ ነው። በተለመደው የሚዲ አሠራር ድምፅን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የማጠፍ ትእዛዝ በአንድ መስመር ላይ ያሉትን ድምፆች ሁሉ አንድ ላይ ያጥፋቸዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኤም ፒ ኢ የተባለው ደንብ ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መስመር ስለሚሰጥ፣ የአንዱ ጣት ድምፅ ሲንሸራተት የሌላው ጸንቶ ሊቆይ ይችላል። ትዝታንና አንቺሆዬን በኪቦርዱ 12 እኩል ክፍሎች ብቻ መጫወት የሚቸግረው ሰው የዚህ ነጻነት ጥቅም ወዲያው ይገባዋል።

ከእጅ መነሣት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፈረንሳዊው ሞሪስ ማርትኖ ሴሎ ተጫዋች ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጣት የሚገባበት ቀለበት ነበረው፤ ቀኝ እጅ ቀለበቱን እያንሸራተተ ድምፁን ሲያወጣና ሲያወርድ ግራ እጅ ኃይሉን ይቆጣጠራል። አሜሪካዊው ናይል ስታይነር ደግሞ መለከት ተጫዋች ነበርና በ1970ዎቹ ትንፋሽን የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ሁለቱም የሚያውቁትን ጥበብ ጥለው አልሄዱም፤ ይዘውት ተሻገሩ እንጂ።

እንግዲህ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ድምፄን የምጀምረው በመምታት ነው፣ በመሳብ ነው ወይስ በመንፋት? ድምፁ ከተነሣ በኋላ ምን አደርገዋለሁ፤ አንቀጠቅጠዋለሁ፣ አንሸራትተዋለሁ ወይስ እተወዋለሁ? በአንድ ጊዜስ ስንት ድምፅ አወጣለሁ?

የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱ ጭራውን ይነካል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ በድምፅና በድምፅ መካከል አጥር የለበትም። ለእርሱ የሚቀርበው እንደ ሃከን ኮንቲንዩም ያለ፣ ቁልፍ የሌለው ለስላሳ ገጽ ነው። የሚጫወተው አንድ ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን ለኤም ፒ ኢ ብሎ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ጣት የሚንሸራተትበት ተራ ሪባንም ሊበቃው ይችላል። ለዋሽንት ነፊው እንደ አካይ ኢ ደብልዩ አይ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ይስማማዋል። ነገር ግን ቀዳዳን በከፊል ከፍቶ ድምፅ ማጠፍ የለመደ ሰው ያንን እዚያ አያገኘውም፤ ማጠፊያው በአውራ ጣት በኩል ነውና እንደገና መልመድ አለበት። የሮጀር ሊን ሊንስትረመንት 200 አራት ማዕዘን ቦታዎች በ8 ረድፍ የተደረደሩበት ስለሆነ ለጊታር ተጫዋች ቅርብ ነው። አንዱ እጅ ድምፁን ሲመርጥ ሌላው እንዲገርፍ የሚያስችል አሠራርም ስላለው ክራርን እየገረፈ ለሚጫወት ሰው ባዕድ አይሆንበትም። ፒያኖ የተማረው ደግሞ የለመደውን ቁልፍ አይተው፤ ኦስሞስ የተባለው መሣሪያ ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ሆነው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዘወዙ ድምፁን ያጥፋሉ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ማሲንቆ እያለን ይህ ሁሉ ለምን?» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች እንዳሉ እናውቃለን። እኛም ማሲንቆው ይሰቀል አላልንም። ዳሩ ግን የኤሌክትሮኒክ ድምፅ በየሠርጉና በየቀረጻው ከገባ ቆይቷል። ቀርቶ የነበረው ጥያቄ እኛ እንጫወትበታለን ወይስ እርሱ ይጫወትብናል የሚለው ነው። በኪቦርድ ብቻ ከቀጠልን ቁልፉ ላይ የሌለው ድምፅ ከጆሯችንም እየጠፋ እንደሚሄድ እንሰጋለን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ውድ ሁሉ ደግ አይደለም። ድምፅ የሚሠራው መሣሪያ ኤም ፒ ኢን የማይቀበል ከሆነ ውዱ ኮንትሮለር ከተራ ኪቦርድ አይሻልም። የማጠፊያው ስፋትም፣ ብዙ ጊዜ 48 ግማሽ ድምፅ ነው፣ በሁለቱም ወገን እኩል ካልተደረገ ጣት ትንሽ ሲንሸራተት ድምፁ ሌላ ቦታ ይወድቃል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በግዢ ኮሚቴ ውስጥ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጎን ማሲንቆና ዋሽንት ተጫዋች ይቀመጡ። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ባለሙያው መሣሪያውን ተውሶ የሚያውቀውን ትዝታ ይጫወትበት፤ እጁ ካልተቀበለው ይመለስ። የምሕንድስና ተማሪዎችና መምህራንም አይራቁ፤ ጣት ሲጫን ወይም ትንፋሽ ሲነፋ የሚለካ ዕቃና አንዲት ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ይዘው ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር ጠረጴዛ ቢከቡ፣ በገበያ ያልተገኘው መሣሪያ ከራሳችን ቤተ ሙከራ ሊወጣ ይችላል።